የአንገቱ ተረከዝ

ሱራባያ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ወዲያ፣
ከኮ ሄንድራ ሱቅ፣ ከመስተዋቱ ጉያ፣
አንድ ቤዝ ጊታር ተሰቅሏል፤
ጃፓን ሠራሽ ነው፣ አገልግሏል፤
ቀለሙ እንደ ጠቆረ ማር፣
ዋጋው አሥራ ሁለት ሚሊዮን ሩፒያ፣ ያውም በክርክር።

ሐሙስ ሐሙስ ለልምምድ ስሄድ
ሞተሬን አቆማለሁ ከመንገድ፤
የራስ ቁሬን ሳላወልቅ በመስተዋት አየዋለሁ፣
ደሞ እንዳላየ ሰው ሞተሬን አስነሣለሁ።

የኔው ቤዝ በጀርባዬ ነው፣ በዝናብ ልብስ ተጠቅልሎ፤
ሆዱ ኮምፔንሳቶ፣ ክንዴ የሚያርፍበት ቀለሙን ጥሎ።
ሦስተኛው ፍሬት ላይ ወፍራሙ ክር እንደ ጢንዚዛ ይጮኻል፣
የድምፁን ቁልፍ ስነካው እንደ ጥብስ ቸስ ይላል፤
የገመዱ መሰኪያ በፕላስተር ታስሮ፣
ሠርግ መሀል ይጠፋል፣ ከማን ጋር መክሮ።

ያኔ ካስቱር ከበሮውን ያበዛል ክፍተቱን ሊሞላ፣
ራትሚም ማይኳን ይዛ ትዞራለች ወደ ኋላ፤
ዐይኗ አይቆጣም፤ ያዝናል፤
እሱ ነው የሚያመው። ቁጣ ይሻላል።

«ግዢው» ትላለች፣ «ላንቺ የሚገባ ነው፤
አሥር ዓመት ሙሉ፣ እስከ መቼ ነው
ሰው እንደተኛበት ቤት የምትንሾካሾኪው?»
ካስቱር ይቆርጣታል፦ «ለጣት እንጂ ለእንጨት ማን ያጨበጭባል?
እኛ ሠርግ ላይ የሚጨፍር ሰው ጃፓንን ከየት ያውቃል?»

ሁለቱም ልክ ናቸው፤ እንቅልፍ የነሣኝ ይኸው ነው፤
አንዳቸው ቢሳሳት ነገሩ ቀላል ነው።

የብስኩት ቆርቆሮዬን ከፍቼ ቆጠርኩ፤
ስምንት ሚሊዮን ሆነ፤ ደግሜ ቆጠርኩ፤
ያው ስምንት። ገንዘብ በመቁጠር እንደማይወልድ ባውቅም
ለሦስተኛ ቆጠርኩ፤ አላፈርኩም።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባል የለ?
የኔው ግን መዳብም ሳይሆን፣ ከመነሻው ቆርቆሮ እየተባለ።
ዋጋውን እኔ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤
እዚያው የተሠራበት ፋብሪካ ዘጠኝ ዓመት ቆሜአለሁ፤
አንገቴን ደፍቼ የጊታር አንገት ስሞርድ፣
ከንጋት እስከ ምሽት፣ የእንጨት ብናኝ እንደ ዱቄት ከቅንድቤ ሲወርድ።
አለቃው ሲያልፍ በአውራ ጣቱ ይዳብሳል፤
ከለሰለሰ ዝም፤ ከሻከረ ይመልሳል።
ሙገሳ አልነበረም፤ በዝምታ ነው የሚያመሰግኑን፤
ፋብሪካው ሲዘጋ፣ ለመርከብ ያልበቃ አንዳንድ ቤዝ ሰጡን።

ትናንት ማታ፣ ዝናቡ ጣራውን ሲደበድብ፣
መሰኪያውን ልጠግን ፈታሁት፣ ብዙም ሳላስብ።
እጄ አላቆመም፤ በካቻቪቴ አራቱን ብሎን ከጀርባው ነቀልኩ፤
አንገቱን ከሆዱ ለየሁና በስልኬ መብራት ተመለከትኩ።
ተረከዙ ላይ፣ ማንም በማያይበት፣
በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር አለበት፦

አርባ አንድ።

የኔ አይደለም። እኔ ሠላሳ ዘጠኝ ነበርኩ፤
እውነት ለመናገር፣ የራሴን አጥቼ ለአፍታ ቅር ተሰኘሁ።
አርባ አንድ ሱቲኒ ናት፤ በስተቀኜ የምትቆም፣
ምሳዋን ሳታካፍል የማትቀምስ፣ ሳል ከያዛት የማታቆም።
የልጇን ስም ረሳሁት፤ ሳሏን ግን ብሰማው እለየዋለሁ፤
ዛሬ የት ናት? አልጠየቅሁም። አሥራ አንድ ዓመት እንዲሁ አለሁ።

አሥራ አንድ ዓመት አውራ ጣቴ ሲንሸራተትበት
ያ የአንገት ልስላሴ፣ ለካ የሱቲኒ እጅ አለበት።

ይኼ ግን ድምፅ አይሆንም፤ ጢንዚዛው እዚያው ፍሬቱ ላይ ይጮኻል፤
የሞተ ክር በትዝታ አይነሣም፤ መሰኪያውም ይንቀጫቀጫል።

ጠዋት ኮ ሄንድራ ዘንድ ገባሁ፣ የራስ ቁሬን አውልቄ፤
«ላውርድልሽ?» አለኝ። «አይ» አልኩት፣ ትንሽ ስቄ።
አራት ክር ገዛሁ፣ አንድ መሰኪያ፣ አንድ የድምፅ ቁልፍ፤
ፍሬቱንም ሞረደልኝ፤ ሒሳቡ ከአምስት መቶ ሺህ የማያልፍ።
ስወጣ ግን፣ ምን እዋሻለሁ፣ ዞር ብዬ ጃፓኑን አየሁት፤
ቆርቆሮው ውስጥ የቀረውን በልቤ ደመርኩት።

ዛሬ ደግሞ ሐሙስ ነው። ከሱቁ ፊት አላቆምኩም፤
ቀስ ብዬ ግን አለፍኩ፤ ቀስ ማለት መቆም አይደለም።